ማሞቂያውን የሚሸጥ ሽቦውንም ይሽጥ

በደብረ ማርቆስ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ የገበያ ወቅት ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ከሰል ይፈለጋል፤ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ደጃፍም ባለ ሽቦ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የሻወር ውሃ ማሞቂያ ይደረደራል። ገዥው ይመጣል፤ ነጋዴው ሰክቶ ያሳየዋል፤ ሽቦው ይቀላል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ዕቃው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የነጋዴው ጉዳይ አይደለም። ሽቦው በሦስተኛው ወር ተበጥሶ ገዥው ሲመለስ ያው ነጋዴ ሽቦ የለውም። ያለው ሌላ ማሞቂያ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ የጮቄን ተራራ ያንተራሰች ከተማ ናት። ቀን ፀሐይ ያሞቃታል፤ ሌሊት ግን ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ባለ አገር ቤቱን በሙሉ ከአንድ ቦታ የሚያሞቅ ማሽን ይተከላል፤ ሲበላሽም ባለቤቱ መመሪያውን ገልጦ፣ መለዋወጫውን ከሰፈሩ ሱቅ ገዝቶ ቀላሉን ብልሽት ራሱ ያነሣዋል። በጎጃም ደጋ ይህ ማሽን ተበታትኖ ነው ያለው። የከሰል ምድጃ አንድ፣ ባለ ሽቦው ማሞቂያ ሁለት፣ የሻወሩ ማሞቂያ ሦስት፣ ለማቀዝቀዙም ፍሪጅ አራት። እነዚህ ተደምረው የአንድ ቤት የሙቀትና የቅዝቃዜ ሥርዓት ይሆናሉ። በራስ እጅ የመጠገን ልማዱም ቢሆን ዱሮም አለ። የጎደለው መለዋወጫውና መመሪያው ነው፤ ይህም የገበያው ጉድለት እንጂ የሕዝቡ ስንፍና አይደለም።

ጉድለቱ ዛሬ ከዱሮው ይበልጥ ያስከፍላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከመርካቶ የሚላክ አንድ ካርቶን ዕቃ ደብረ ማርቆስ የሚደርስበት ቀን አይታወቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ የተበላሸን ዕቃ ጥሎ አዲስ መግዛት የባለጸጋም አቅም አይደለም። መጠገን ግዴታ ሆኗል፤ ጥያቄው በምን ዕውቀትና በምን መለዋወጫ የሚለው ነው።

የተቋጠረ ሽቦ ስሌት

በየቤቱ የሚደረገው ጥገና ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሽቦው ሲበጠስ ባለቤቱ ሁለቱን ጫፎች ስቦ ያጠላልፋቸዋል፤ ማሞቂያው ይነሣል፤ ቤተሰቡ ይደሰታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይበጠሳል። እንደገና ይጠላለፋል። በአምስተኛው ጊዜ ማሞቂያው ብቻውን አይሄድም፤ ሶኬቱንም አቅልጦ ይሄዳል።

ምክንያቱ በወረቀት ላይ በቀላሉ የሚሰላ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። የአንድ ማሞቂያ ሽቦ ተቃውሞ ስንት መሆን እንዳለበት ለማወቅ 48,400ን ለዋቱ ማካፈል ይበቃል። ባለ 1,000 ዋቱ 48 ኦም፣ ባለ 2,000 ዋቱ 24 ኦም ገደማ ይሆናል። ባለ 2,000 ዋቱ ተበጥሶ ሲቋጠር ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ፣ ተቃውሞው ወደ 22 ኦም ይወርድና ኃይሉ ከ2,200 ዋት በላይ ይወጣል። ባጠረ ሽቦ ላይ የበለጠ እሳት ተጫነ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የማሞቂያ ሽቦዎች የሚሠሩበት ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም የተቀላቀለው ማዕድን አንዴ ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰባሪ ይሆናል። የተቋጠረበት ቦታ ደግሞ በደንብ ስለማይገናኝ ከሌላው አብልጦ ይግላል። በመሆኑም ሁለተኛው መበጠስ ከመጀመሪያው ይፈጥናል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው።

መፍትሔው በትክክለኛው ዋት ልክ የተጠቀለለ አዲስ ሽቦ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ነው ገበያው የሚጎድለው። በየሱቁ የሚገኘው ሽቦ ጥቅል ሲሆን ስንት ዋት እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈበትም፤ ሻጩም በዓይን ገምቶ ይሰጣል። ገዥው የምጣድ ሽቦ ለምድጃ፣ የምድጃ ሽቦ ለማሞቂያ ገዝቶ ይሄዳል። አንድ ሻጭ ሽቦ የሚለካበት ቴስተር በጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ፣ ጥቅሉን ለክቶ ዋቱን በእስክሪብቶ ቢጽፍበት የሚያወጣው ወጪ ምንም ያህል አይደለም። ደንበኛው ግን ከዚያ ሱቅ አይወጣም።

የሌለ ብልሽት

ሌላው የሚባክነው ገንዘብ ለሌለ ብልሽት የሚከፈለው ነው። ማታ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምጣዱንና ምድጃውን ሲለኩስ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የማሞቂያው ኃይል በ40 ቮልት ልክ ብቻ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። እንዲያ አይደለም። ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 2,000 ዋት የተባለው 1,340 ዋት አካባቢ ይሰጣል። ባለቤቱ «ሽቦው ደከመ» ብሎ ዕቃውን ይፈታል። የሌለውን ብልሽት ሲፈልግ ያለውን ዕቃ ያበላሻል። እኩለ ሌሊት ላይ ሰክቶ ቢሞክረው ኖሮ ዕቃው ደኅና መሆኑን ባወቀ ነበር።

ዝቅተኛ ቮልት ለማሞቂያ ጉዳት የለውም፤ ሙቀቱ ያንሳል እንጂ አይቃጠልም። ለፍሪጅ ግን ሌላ ነው። የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ሞተር ስለሆነ በዝቅተኛ ቮልት መነሣት ሲያቅተው ከፍተኛ ከረንት እየሳበ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር የሚያስፈልገው ፍሪጁ ነው። ብዙ ነጋዴ ግን ስታቢላይዘሩን ለማንም ይሸጣል፤ ማሞቂያ ለገዛውም «ይህንንም ጨምር» ይለዋል። ባለ 1,000 ዋት ስታቢላይዘር ላይ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ የሰካ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅሎ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ከማንኛውም ጥገና የሚረክስ ጥገና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ባለቤቱ የሚደርስበትና የማይደርስበት

በቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ መጀመሪያ ካቻቢቴ ያነሣል። መጀመር የሚገባው ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ብሬከር ነው። ብሬከሩ ካልወደቀ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ በአምፑል ወይም በስልክ ቻርጀር መሞከር ነው። ሶኬቱ ደኅና ከሆነ የዕቃውን መሰኪያ ማየት ነው፤ የጠቆረ፣ የቀለጠ ወይም የላላ ብሎን ያለው መሰኪያ ከማሞቂያ ብልሽቶች መካከል ዋነኛው ነው። ቀጥሎ ገመዱ፣ በተለይ ወደ ዕቃው የሚገባበት የሚታጠፈው ቦታ ይታያል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ተነቅሎና በርዶ ይከፈትና ቴርሞስታቱና ሽቦው በቴስተር ይለካሉ። ሽቦው ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ሽቦውና የዕቃው የብረት አካል ተገናኝተው ቴስተሩ ካነበበ ዕቃው ሰው ይይዛልና መሰካት የለበትም።

ከእነዚህ ውስጥ መሰኪያ መለወጥ፣ ገመድ መለወጥ፣ ሽቦ መለወጥና ቴርሞስታት መለወጥ ማንም ጠንቃቃ ሰው በፒንሳ፣ በካቻቢቴና በቴስተር የሚሠራቸው ናቸው። ሁለት ሕግ ብቻ መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ ብሬከሩ ወርዶና ዕቃው ተነቅሎ እንጂ ሶኬት ላይ እያለ አይነካም። ሁለተኛ፣ የወደቀ ብሬከር በወፍራሙ፣ የተቃጠለ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ አይተካም። ብሬከሩ የሚወድቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ለማዳን ነው። እሱን አልፎ የሄደ ሰው እሳቱን ከማሞቂያው ወደ ጣሪያው አዛወረው ማለት ነው።

የሻወር ማሞቂያ ትንሽ ከበድ ይላል። ቶሎ የሚያሞቀው ዓይነት 5,500 ዋት ከሆነ 25 አምፔር ይስባል፤ ይህም ለተራ ሶኬት ከተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አቅም በላይ ነው። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። በርሜል ያለው ዓይነት ሲሆን ግን ባለቤቱ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውሃ በጠፋ ጊዜ የመግቢያው ቫልቭ ከላላ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ማሞቂያው በደረቁ ይነድና ኤለመንቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ ሲጠፋ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ ውሃ ሲመለስም የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅና ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ማብራት ነው። ከፍታውም የራሱ ሕግ አለው፤ በደብረ ማርቆስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በርሜሉን 90 ላይ የሞላ ሰው በባሕር ዳርቻ ያለ ምንም ሥጋት ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን እንፋሎት አፋፍ ላይ ነው። 60 ዲግሪ ለቤት ይበቃል።

ቆጣሪውና ከቆጣሪው በላይ ወደ ምሰሶ የሚሄደው መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ማንም ሊነካው አይገባም። የፍሪጅ ጋዝም እንዲሁ።

በፍሪጁ ጀርባ ያለው ፊደል

የፍሪጅ ገበያ በጎጃም ደጋ አንድ የተለየ ችግር አለው፤ ይህንንም የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ብዙ ሰው «ፍሪጁ ሥጋውን አላደረቀልኝም፤ በረዶው ቀልጦ አደረ» እያለ ይመጣል። ጠጋኙ ጎን ለጎን መታ መታ አድርጎ «ጋዝ አልቋል» ይላል። ጋዝ ይሞላል፤ ገንዘብ ይከፈላል፤ ብርዱ ሲያልፍ ፍሪጁ ይሠራል፤ ጠጋኙም ይመሰገናል።

ፍሪጅ ግን ጋዝ አይበላም። ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው፤ ካነሰ ያፈሰሰበት ቀዳዳ አለ ማለት ነውና ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ የሚቆጣጠረው የታችኛውን ክፍል ነው። ቤቱ ራሱ በሌሊት እንደ ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ የታችኛው ክፍል ሙቀት ሳይነሣ ስለሚያድር ቴርሞስታቱ ኮምፕሬሰሩን አይጠራውም፤ ከላይ ያለው በረዶ ቤትም ሥራ ፈትቶ ይቀልጣል። ዕቃው አልተበላሸም። አገሩ ነው ያልተስማማው።

ይህ ደግሞ በዕቃው ላይ ተጽፏል። በፍሪጁ ውስጥ ወይም ጀርባ በተለጠፈው ምልክት ላይ ዕቃው በምን ዓይነት አየር እንዲሠራ እንደተሠራ የሚያሳይ የላቲን ፊደል አለ። «ቲ» ከ16 እስከ 43 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ኤን» ደግሞ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ባለ ክፍል ለመሥራት የታሰቡ ናቸው። «ቲ» ብቻ የተጻፈበት ፍሪጅ ለመተማ ወይም ለድሬዳዋ የሚስማማ ነው። ለደብረ ማርቆስ፣ ለደምበጫ፣ ለእንጅባራ የሚሻለው «ኤስ ኤን» ያለበት ነው። አስመጪው አንድ ዓይነት ዕቃ በኮንቴይነር ጭኖ ለቆላውም ለደጋውም ሲያከፋፍል፣ ቸርቻሪውም ከቀለሙና ከሊትሩ በቀር ሳያነብ ሲሸጥ፣ ሸማቹ ለሌለ ብልሽት ይከፍላል። ጅምላ ነጋዴ በትእዛዙ ላይ ሁለት ፊደል ቢጨምር ምንም አይከስርም።

አሁን ያለውን ፍሪጅ የያዘ ሰው ደግሞ ማድረግ የሚችለው አለ። ፍሪጁን ከውጭ በር አጠገብ አንሥቶ ሞቅ ወዳለው ክፍል ማዛወር፣ ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ፣ ጀርባው ላይ ያለውን አቧራ በብሩሽ ማራገፍ፣ የበሩን ጎማ በሳሙና ማጠብና ወረቀት አስገብቶ ዘግቶ መሳብ። ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው መለወጥ አለበት። እነዚህ ሳይታዩ የጋዝ ወሬ መስማት አይገባም። በኮምፕሬሰሩ ላይ «አር 600 ኤ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ በቤት ውስጥ በእሳት የሚበይድ ጠጋኝ መጥራት አደጋ ነው።

ከሰሉና የተዘጋው መስኮት

ከሁሉ የከበደው ነገር ግን ሽቦም ጋዝም አይደለም። ከሰል ነው።

የከሰል ምድጃ ማንኛዋም እመቤት ልትጠግነው የምትችለው ብቸኛው ማሞቂያ ነው። ሲዘጋ አመዱ ይራገፋል፤ ሲሰበር ሌላ ይገዛል። ነዳጁም ከቅርብ ይመጣል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው በተጎዳ መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቆርጦ አክስሎ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ከእንጅባራ በኩል የሚነሣው የከሰል ጭነት በደብረ ማርቆስ አልፎ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ስለገባበት ይህ ገበያ ነገ እንደ ትናንቱ ይቀጥላል ብሎ መተማመን አይቻልም። የሆነ ሆኖ የከሰል ጉልበት የማይናቅ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ 4 ሰዓት ሙሉ የሚሰጠው ማለት ነው።

ችግሩ ቤቱ ተለውጦ ምድጃው አለመለወጡ ላይ ነው። ድሮ የሣር ቤት በክዳኑ ይተነፍስ ነበር፤ ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም አየር ይገባና ይወጣ ነበር። ዛሬ የሚሠራው ቤት የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በርና የመስታወት መስኮት ያለው ነው። ተከራዩም ብርዱን ለመከላከል የበሩን ሥር በጨርቅ፣ የመስኮቱን ክፍተት በላስቲክ ይወትፋል። በእርግጥ ይህ ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተሻለ ጥገና ነው፤ ሙቀት አምልጦ ከሚያልቅበት ቦታ ማስቀረት ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። ያው ሰው ግን የከሰል ፍም ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ሲተኛ ቤቱን ወደ መቃብር ለውጦታል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ላይ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። በጎጃም ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። «ከሰል መታኝ» ብሎ ራሱን ይዞ የሚነሣው ዕድለኛው ነው።

ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢያልቅም አደጋው አላለቀም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭሱ ሲታይ በር ይከፍታል፤ ፍሙ ሲያምር ይዘጋል። መርዙ ግን ከሚያምረው ፍም ነው የሚወጣው። ከሰል ከመኝታ በፊት ከቤት መውጣት አለበት፤ ከላይና ከታች ክፍት ቀዳዳ ባልተወለት ክፍል ጨርሶ መግባት የለበትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል የተሰማው ሰው በፍጥነት ወደ ውጭ አየር ወጥቶ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

የአከራዩ ድርሻ

ለምን ከሰል ይመረጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ከተከራዩ እጅ ውጭ ነው። አከራዩ ምድጃና ማሞቂያ መሰካት ከልክሏል። ለመከልከሉም ምክንያት አለው። ለአንድ ግቢ በሙሉ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው፤ ሽቦውም ለመብራት ብቻ ታስቦ የተዘረጋ ነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር በእርከን የተሠራ ነው። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ድሃ ሆኖ ሳለ በድምሩ እንደ ሀብታም ይከፍላል። አከራዩ ይከለክላል፤ ተከራዩ ከሰል ያስገባል፤ መስኮቱ ይዘጋል።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ፣ ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍት ባለሀብት ይህን ከመሠረቱ ሊያስብበት ይገባል። ለየክፍሉ የራሱ ብሬከር፣ ቢቻል የራሱ ቆጣሪ፣ ለማሞቂያ የሚሆን ወፈር ያለ መስመር፣ በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ ከበሩ በላይ የማይደፈን የአየር መውጫ። እነዚህ በግንባታ ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ መስበር ይጠይቃሉ። ለተከራይም «ማሞቂያ መሰካት ይቻላል» የሚል ማስታወቂያ የኪራዩን ዋጋ የሚያስከብር ነው። የአባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ከቦ የሚሄድ ወንዝ ነው። ከግድቡ እስከ ቤቱ ሶኬት ያለው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ሽቦ ግን የአከራዩ ነው።

የነጋዴው ክርክር

ነጋዴው የሚያቀርበው መከራከሪያ አለ። መለዋወጫ ጥቃቅን ነው፤ ብር ይይዛል፤ መደርደሪያ ያጣብባል፤ ትርፉም ያነሰ ነው ይላል። ጠጋኙም በበኩሉ ሰው ሁሉ በቤቱ ከጠገነ እኔ ምን እበላለሁ፣ ያልተማረ እጅ ሲነካካ ሰው ይሞታል ይላል።

የጠጋኙ ሥጋት ግማሹ እውነት ነው። ሰው ይሞታል፤ የሚሞተው ግን መነካካቱ ባለመቅረቱ ነው። ማንም ቢከለክል ሽቦ መቋጠሩ አይቀርም። ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ያወቀ ደንበኛ ቀላሉን ራሱ ሠርቶ ከባዱን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይመጣል፤ ጠጋኙም በመሰኪያ ብሎን ፈንታ በኮምፕሬሰር ገንዘብ ያገኛል። ብሎን አጥብቆ የጋዝ ዋጋ የሚያስከፍል ጠጋኝ ብቻ ነው የሚከስረው፤ እሱ ቢከስር የሚያዝን የለም።

የነጋዴው ክርክር ደግሞ በሒሳብ አያስኬድም። አዲስ ማሞቂያ በዓመት አንዴ የሚሸጥ ነው፤ ሽቦ፣ መሰኪያ፣ ቴርሞስታት፣ የበር ጎማ፣ የበርሜል ኤለመንት ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋሉ። ዛሬ ይህን ፍላጎት የሚያሟላው ከአሮጌ ዕቃ የተነቀለ፣ ከምናለሽ ተራ ተለቅሞ የመጣ መለዋወጫ ነው። ነጋዴው የናቀውን ገበያ ሌላው ይዞታል። ከዚህም ሌላ የሕግ ነገር አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ የማይጽፍ ነጋዴና ደረሰኝ የማይጠይቅ ገዥ ተስማምተው ይህን መብት ቀብረውታል። ገዥው ደረሰኙን ቢይዝ፣ ዕቃውንም በገዛበት ሳምንት ሌሊት አብርቶ ቢፈትነው ለሽቦ የሚያወጣውን ገንዘብ ከመነሻው ባዳነ ነበር።

ለአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ አይደለም። ከሚያስመጣው አሥር ካርቶን አንዱን መለዋወጫ ያድርግ። በሽቦው ላይ ዋቱን ይጻፍ። የፍሪጁን ፊደል ያንብብ። በዕቃው ላይ የአንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ይለጥፍ፤ ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ። በጠረጴዛው ላይ ቴስተር ያስቀምጥ። የዘንድሮው ውርጭ አልፎ የሚመጣው ሲደርስ ገዥው የሚመለሰው ማሞቂያ ወደ ሸጠለት ሱቅ ሳይሆን ማሞቂያውን ወደሚያስነሣለት ሱቅ ነው።